ሰዓሊው «እኔ ያሰብኩት ይህን አይደለም» ብሎ መጣ፤ ግድግዳዬን ላስነካው ወይስ ልከልክለው?

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አባቴ ያወረሰኝ ሻይ ቤት አለኝ። ስምንት ጠረጴዛ ናት። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ልጅ ነው የሳለው። ያኔ ተማሪ ነበር። አባቴ የዘይት ቀለሙን ገዛለት፣ ልጁም አንድ ወር ምሳውን እዚሁ በላ። ሌላ ክፍያ አልነበረም።

ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ትሄዳለች። ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝላለች። አንድ ሕፃን የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ይከተላታል። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ከፊታቸው የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ፊቷ አይታይም። የልጁም አይታይም።

እስከ 2013 ድረስ ማንም ትኩር ብሎ አይቶት አያውቅም። ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 2014 ላይ ከተማው ሲወጣ እኛም ወጣን። ግማሹ በእግር፣ ግማሹ በአይሱዙ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፎ። ኅዳር አልቆ ስንመለስ ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። ብርጭቆ የለም፣ ወንበር የለም፣ ምድጃ የለም። ግድግዳው ብቻ እንዳለ ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሥዕሉን አየና «እቺ ሴት ሳትመለስ ቀረች» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥዕሉ ሌላ ሥዕል ሆነ።

አሁን የሚገባው ሁሉ የሚያየው ተፈናቃይ ነው። ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ያየዋል። ፎቶ ያነሳዋል። አንዲት እናት አሉ፣ ልጃቸው ከዚያ ጊዜ ወዲህ አልተመለሰም። ሁልጊዜ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ወንበር ነው የሚመርጡት። ቡናቸውን በጤና አዳም ይጠጣሉ፣ ብዙም አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ «ያቺ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሰዓሊው መጣ። ስንት ዓመቱ! አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ሻይ አዝዞ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረ ደንበኛ፣ ማን መሆኑን ሳያውቅ፣ ሥዕሉን ያስረዳው ጀመር። ከቤቷ እየሸሸች ነው፣ ጉሙ የጦርነት ጭስ ነው፣ ፊቷን የደበቀው ሁላችንም እሷን እንድንሆን ነው አለው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውዬው ሲወጣ ወደ እኔ መጥቶ «እናቴ ናት» አለኝ። «ውሃ ቀድታ ወደ ቤት ስትገባ ነው። ሕፃኑ እኔ ነኝ። ጠዋት ነው። የሳልኩት ደስ ያለኝን ቀን ነው።»

እናቱ በ2012 አርፋለች። «ሰው ሁሉ ስትሸሽ ሲያያት አልወድም» አለኝ። ቅዳሜ ቀለሙን ይዞ ሊመጣ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ቤት ሊጨምርበት ይፈልጋል፦ በሩ የተከፈተ፣ ከጣሪያው ጭስ የሚወጣ ቤት። ያኔ ወደ ቤቷ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

እሺም እምቢም አላልኩትም። ምን ላድርግ? የሥዕል ትርጉም የሰዓሊው ነው ወይስ የሚያየው?

---

አይሱዙ_ሾፌር | ሰኞ ማታ 3:05

ይኼ ምን ያከራክራል ወንድሜ? የሳለው እናቱን ነው። አለቀ። የእናቴን ፎቶ ሳሎን ብሰቅል፣ እንግዳ ገብቶ «እቺ ሴት እያለቀሰች ነው» ቢለኝና እናቴ በሕይወቷ በጣም የሳቀችበት ቀን ቢሆን፣ ዝም ልበለው? ያን ቀን የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ቤቱን ይሥራላት።

---

ጦሳ_ሥር | ሰኞ ማታ 3:31

ሻይ ቤቱን አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። ወንድሜን ያጣሁ ሰው ነኝ። ለቅሶ ላይ ያልወጣልኝ እንባ የወጣልኝ እዚያ ሥዕል ፊት ነው።

ሰዓሊው ያኔ እዚህ አልነበረም። እናቱን ስለ መውደዱ አልጠራጠርም። ግን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ትቶልን ሄደ። አብሮን የከረመው ሥዕሉ ነው። አሁን መጥቶ «ተሳስታችኋል፣ ይህ የደስታ ቀን ነው» ሲል እኔ ያየሁት ምን ሊሆን ነው? አታስነካው። እለምንሃለሁ።

---

ዋድላ_የዋለ | ሰኞ ማታ 4:10

ሁለታችሁንም እረዳለሁ። እኔ ግን ነገሩን ከቅኔ ቤት አንጻር ልየው። ልጅ ሆኜ ወደ ዋድላ ሄጄ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቆጥሬያለሁ።

ቅኔ ያለ ሐሳብ አይሆንም። ሰሙን ከላይ ያለበሰ፣ ወርቁን ከሥር ያስቀመጠ ሰው አለ። ሰሚው ደግሞ ሥራው መቆፈር ነው። እና «ባለቅኔው ያሰበው ምንም አይደለም» የሚለውን ቅኔ ቤት ብትናገር ማንም አይሰማህም። ወርቁ የማን ሆነና?

ግን አንድ ማታ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለየኔታ ጉባኤ ቃና ነገርኩ። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ያላት አጭር ቅኔ ናት። እኔ አንድ ወርቅ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ያውም ትንሽ። የኔታ ጥቂት ዝም አሉና ከሁለተኛው ቤት አንዲት ቃል አንስተው ሌላ ወርቅ አወጡ። የእኔን የሚያስንቅ። «ይህን አስበኸዋል?» አሉኝ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። «አላሰብኩትም የኔታ» አልኳቸው። «እንግዲያስ ቃሉ አስቦልሃል» አሉኝ። የእኔን አልሻሩትም። ሁለቱንም አጸኑት።

የመጻሕፍት ትርጓሜም እንዲሁ ነው። መምህሩ አንዱን ንባብ ያነብና ይፈታዋል። ቀጥሎ «አንድም» ይልና ሌላ ይሰጣል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው «አንድም» ሲመጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም። ሰዓሊው የተናገረው የመጀመሪያው ፍቺ ነው። የእኚያ እናት «ያቺ እኔ ነኝ» ደግሞ አንድም ነው።

ቤቱን ግን እንዳይጨምር እመክራለሁ። ቤት ከጨመረበት ወርቁን አውጥቶ ሰሙ ላይ ለጠፈው ማለት ነው። ቅኔነቱ ይቀራል።

---

መምህር_ዘኮምቦልቻ | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር እንነታረክበታለን። ውጭ አገርም ብዙ ቀለም ፈሶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ጽሑፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የደራሲው ሐሳብ አንድም ሥራው ውስጥ ገብቷል፣ አለዚያም አልገባም። ከገባ ሥራውን አንብበህ ታገኘዋለህ። ካልገባ ደራሲውን ቤቱ ድረስ ሄደህ ብትጠይቀው የሚነግርህ ስለ ራሱ ነው እንጂ ስለ ሥራው አይደለም። በ1967 ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ከዚህም አልፎ ደራሲው ሞቷል አለ። ትርጉም የሚወለደው አንባቢው ዘንድ ነው ማለቱ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ኸርሽ የሚባል አሜሪካዊ ተነስቶ የለም አለ። የደራሲውን ሐሳብ ከጣልን የማንኛውንም ንባብ ትክክለኛነት በምን እንለካለን ብሎ ጠየቀ።

እኔን የጠቀመኝ የኸርሽ አንድ ልዩነት ነው። ትርጉምና ፋይዳ የተለያዩ ናቸው ይላል። ትርጉሙ ደራሲው ያኖረው ነው፣ አይለወጥም። ፋይዳው ሥራው ከእኔ ዘመን፣ ከእኔ ሕይወት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነው፣ ይለዋወጣል። በዚህ ዓይን ሲታይ የሥዕሉ ትርጉም ውሃ ቀድታ የምትገባ እናት ናት። ለጦሳ_ሥር የሆነላት ነገር ፋይዳው ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

---

ጦሳ_ሥር | ማክሰኞ ጠዋት 1:48

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን የእኔ ለምን «ፋይዳ» ብቻ ይሆናል? የእሱ ትርጉም፣ የእኔ ተጨማሪ? እኔ ያየሁት እኮ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው። ከኪሴ ያወጣሁት ነገር የለም። ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ጭነት አዝላለች፣ ልጅ ይዛለች፣ መንገድ ላይ ናት። ይህን ሁሉ የሳለው እሱ ራሱ ነው።

---

መምህር_ዘኮምቦልቻ | ማክሰኞ ጠዋት 2:02

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እዚህ ላይ ኸርሽ ራሱ የሚከብደው ይመስለኛል። አስቤበት እመለሳለሁ።

---

አይሱዙ_ሾፌር | ማክሰኞ ጠዋት 2:30

እኔ መጽሐፍ አላነበብኩም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። አዝማሪ ቤት ገብተህ «ተቀበል!» ብለህ ግጥሙን የምትሰጠው አንተ ነህ። አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ግጥሙ ለአንተዋ ሴት ነው፣ ግን ጥግ ያለው ሰውዬ የራሱ ትዝ ብሎት ያለቅሳል። ማንም ሄዶ «ያልተባለልህን አታልቅስ» አይለውም። ይህን ሳስብ ትናንት ያልኩት ትንሽ ተነቃነቀብኝ። ትንሽ ብቻ። ልጁ አሁንም ያሳዝነኛል።

---

ፒያሳ_77 | ማክሰኞ ቀን 6:15

በሕግ በኩል አጭር ነገር ልበል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 410/1996። የሥራው አመንጪ የሞራል መብት የሚባል አለው። ስሙ እንዲጠቀስለት፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ መቃወም ይችላል። ስለዚህ አንተ በራስህ ሌላ ቀቢ ጠርተህ ቤት ብታስጨምርበት ልጁ ሊከስህ ይችላል። ግድግዳው ደግሞ የአንተ ነው፤ ሳትፈቅድለት ብሩሽ ይዞ አይገባም። ሕጉ ስለ መብት ነው የሚያወራው። ሥዕሉ ምን ማለት ነው ለሚለው መልስ አታገኝበትም።

---

የሰዓሊ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 1:10

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር፤ እኔም ቀለም እየበጠበጥኩ ነው ያደግሁት። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው፣ የሠሪውን ሐሳብ ሳያውቁ ማየት የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ፣ ሰይጣንም ቢሆን ይሁዳም ቢሆን፣ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ከአባቴ አጠገብ ቆሞ በጎን የተሳለውን ሰውዬ «በጣም ቆንጆ ነው፣ እያሰበ ነው አይደል?» አለው። አባቴ ምን ብሎ ይመልስለት? ሥዕሉ ቋንቋ አለው። ቋንቋውን ካላወቅህ የምታነበው ሌላ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህ የአባቴ የግል ሐሳብ አልነበረም። ሁሉም ሰዓሊ፣ ሁሉም ምእመን የሚያውቀው ሕግ ነው። የሻይ ቤቱ ሰዓሊ ግን «ይህቺ እናቴ ናት» የሚለውን በልቡ ብቻ ነው ያኖረው። እኛ ከየት እናውቃለን?

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ልጁ «ጠዋት ነው» ብሏል። እናንተ ግን ጉሙን ጭስ ነው እያላችሁ ነው። የሻይ_ቤቱ_ልጅ፣ ያንን ግድግዳ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ጠረግኸው? ከሰል የምታነድበት ቤት ነው፣ ቡና ይቆላበታል። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ጭስ ጠጥቷል።

ሬምብራንት የሚባለው የሆላንድ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1642 የአምስተርዳም ከተማ ዘቦችን የሳለበት ትልቅ ሥዕል አለ። ዓለም የሚያውቀው «የሌሊት ጥበቃ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ሬምብራንት አይደለም። ሥዕሉ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ዘመን ሲቆጠር ጠቆረ፣ አቧራው ተጨመረበት፣ ሰው ሌሊት መሰለው። በ1940ዎቹ ቫርኒሹ ሲነሳ ትዕይንቱ የቀን ሆኖ ተገኘ። ያውም ከዚያ በፊት በ1715 ለአንድ ግድግዳ አልበቃ ብሎ ጎኑን ቆርጠውታል። ስንቱ ሰው ስለዚያ ሌሊት ተፈላስፏል። ሰዓሊው ግን ሌሊት አልሳለም።

እና ከመጨመርህም ከመከልከልህም በፊት አጽዳው። ሳሙና እንዳታስነካው! በረኪና የሚባል ነገር ደግሞ አታስጠጋው። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍ። ከዚያ ጥጥ በትንሹ አርጥበህ፣ በጣም በትንሹ፣ ጥግ ላይ የጥፍር ታህል ቦታ ሞክር። ጥጡ ላይ ጥላሸት ከመጣ ቀጥል። ቀለም ከመጣ አቁም። አባቴ ጥጡን በምራቁ ነበር የሚያረጥበው፤ ሙዚየም ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

---

የሀድራ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:45

አሰላሙ ዐለይኩም ወገኖቼ። በእኛ ዘንድ ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ ሐሳብ ነው። ሐዲሱ ግልጽ ነው፦ ሥራ ሁሉ የሚለካው በኒያው ነው፣ ለሰውም ያለው የነየተው ነው። እና ኒያ አያገባም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

መንዙማ ስትሰሙ አስቡት። ወሎ ውስጥ ድቤ እየተመታ፣ እየተጨበጨበ ስለ ናፍቆት ይባላል፣ ስለ ውበት ይባላል። ባለ መንዙማው ያን ሁሉ የሚለው ነቢዩን ወድዶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከመንገድ ቢሰማው የጎረምሳ ዘፈን ሊመስለው ይችላል። ኒያውን ካላወቅህ ግማሹ አመለጠህ።

ግን ሌላም ሐዲስ አለ። ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ከዚያ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት፣ ሰደቃ ይሆንለታል። ማን እንደሚበላ ሲተክል አያውቅም። ወፏን አላሰባትም። ኒያው የተከለው ሰውና የአላህ ጉዳይ ነው። ፍሬው ግን የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ነው። ይህ ልጅ ለእናቱ ነይቶ ተከለ። እኚያ እናት በጥላው ተቀመጡ። እኔን ብትጠይቁኝ ልጁ ሊደሰት ይገባዋል። ሰደቃው ለእናቱ ይደርሳል።

---

ጦሳ_ሥር | ማክሰኞ ማታ 3:00

ይህን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አላህ ይስጥልኝ።

---

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 4:20

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። የሰዓሊ_ልጅ፣ ያልሽውን አደረግሁ። ዛሬ በጊዜ ዘጋሁና ከታች በግራ ጥግ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጥፍር ታህል። ጥጡ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። ቀለም አልመጣም። ቀጠልኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ብቻ ነው ያጸዳሁት። ጣቴ ደነዘዘ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አንብቡት። መንገዱ ግራጫ አይደለም። እኔ ሁልጊዜ አመድ ነው ብዬ የማስበው ቦታ ቢጫ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ የነካው አፈር። መንገዱ ላይ ደግሞ ጠብታዎች አሉ። ትንንሽ፣ ጠቆር ያሉ፣ እያንዳንዳቸው በዳር በኩል አንዲት ነጭ ነጥብ ያለባቸው። ከሥዕሉ ጥግ ተነስተው በተርታ እስከ ሴትዮዋ ተረከዝ ይደርሳሉ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጀርባዋን በጥጥ አሸት አሸት አደረግሁት። ከጀሪካኑ በታች ቀሚሷ ርጥብ ነው። ውሃ እየፈሰሰባት ነው።

ጀሪካኑ ሙሉ ነው። ከውሃ እየተመለሰች ነው። ሁልጊዜም እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር። አላየነውም።

---

መምህር_ዘኮምቦልቻ | ረቡዕ ማታ 4:41

አንብቤ ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ ሐሳቡ ሥራው ውስጥ ገብቷል። ልጁ ለማንም መንገር አላስፈለገውም ነበር፣ ጥላሸቱ ነው የደበቀው። ትናንት አስቤበት እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነበር። ያን ሰዓት ልጽፈው የነበረው «የሰዓሊው ቃል ማስረጃ አይሆንም» የሚል ነበር። አሁን ግን ቃሉ ባይኖር ማን ጥጥ ያነሳ ነበር? ጠዋት ነው ብሎ ስለ ተናገረ አይደል የሰዓሊ_ልጅ ጭሱን የጠረጠረችው? ለካ የሠሪው ሐሳብ የት ላይ ማየት እንዳለብን ሊያመለክተን ይችላል። እዚያ ስንደርስ የሚታየውን ግን እኛው ነን የምናየው። ነገ ክፍል ይዤው እገባለሁ።

---

አይሱዙ_ሾፌር | ረቡዕ ማታ 5:02

ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። እናቴም አዝላ ነው ያሳደገችን። ርጥብ ጀርባ አውቃለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

---

ዋድላ_የዋለ | ረቡዕ ማታ 5:15

እኚያ እናትስ? አይተውታል?

---

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 3:30

ዛሬ አልመጡም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ። ገብተው ያቺን የጸዳች ቦታ ሲያዩ ሥዕሉን የወሰድኩባቸው ያህል ቢሰማቸው ምን እላቸዋለሁ?

---

የሰዓሊ_ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 4:00

አብሽር። የቀረውን አታጽዳ። ሰዓሊው ይምጣና አብራችሁ ወስኑ።

---

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3:10

መጣ። አራት ሰዓት ላይ። ሦስት ጣሳ ቀለምና በጨርቅ የተጠቀለሉ ብሩሾች ይዞ። እናትየዋ ቦታቸው ላይ ነበሩ። አርብም መጥተው ነበር፣ የጸዳችውን ቦታ አይተዋል፣ ምንም አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ልጁ ገና ሲገባ ዓይኑ እዚያች ቦታ ላይ ወደቀ። ጣሳዎቹን መሬት አስቀምጦ ተንበረከከ። ጠብታዎቹን በጣቱ ሳይነካ፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ አንድ በአንድ ተከተላቸው። «ረስቻቸው ነበር» አለኝ። አመንኩት። የሳላቸው እሱ ነው፣ ግን ረስቷቸዋል። ከዚያ አወራ። የጀሪካናቸው ክዳን ጠፍቶ ነበር። እናቱ በላስቲክ ትወትፈው ነበር፤ ቢሆንም ይንጠባጠባል። እሱ ከኋላ እየተከተለ በባዶ እግሩ ጠብታዎቹን ይረግጥ ነበር። የረጠበው አፈር ይቀዘቅዛል። ጨዋታው ያ ነበር። ይህን እያለ ወደ ሕፃኑ እግር አሳየኝ። እውነትም ቀኝ እግሩ አንዷ ጠብታ ላይ ነው ያረፈው። ያን ያህል ዓመት ሥር ሥሩ እየሠራሁ አላየሁትም።

እናትየዋ ሲሰሙ ቆይተው «እናትህ ናት?» አሉት።

«አዎ እማማ።»

«ነፍስ ይማር።» ቡናቸውን አስቀመጡ። «እኔም ስወጣ ከሁሉ በፊት ያነሳሁት ውሃ ነው። ልጁ ይጠማዋል ብዬ። ልብስ አልያዝኩም፣ ምን አልያዝኩም። ጀሪካኑን አዘልኩና ወጣሁ። እስከ ሐረጎ ጀርባዬ ርጥብ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጠብታዎቹ እያዩ «አርብ ስመጣ አየሁት። ይኼንንስ እንዴት አወቀ ብዬ ነው የገረመኝ» አሉ።

ልጁ መልስ አልሰጠም። መልስ ያለውም አይመስለኝም። አጠገባቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩላቸው፣ አብረው በሉ። ስለ ሥዕሉ አላወሩም። ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው፣ ነገሩት። ብዙ ነገሩት። እኔ የማላውቀውን ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዱን ጣሳ ብቻ ከፈተ። በቀጭን ብሩሽ፣ ጭሱ የበላቸውን ሦስት ጠብታዎች አደሰ። ሌላ ምንም አልነካም። ቤቱን አልሳለም። «ግድግዳውን ቀስ እያልክ አጽዳው» አለኝ፣ እንዴት ጥጡን እንደምይዝ አሳየኝ። የቤቱን ነገር ስጠይቀው ጥቂት አሰበና «እማማ ይወስኑ» አለ። እሳቸው ገና አልወሰኑም። ጣሳዎቹን እዚሁ ትቷቸው ሄደ። ከቆጣሪው ሥር ናቸው።

---

ጦሳ_ሥር | ቅዳሜ ማታ 3:34

ለማጽዳት ሰው ካስፈለገህ እኔ አለሁ። እሁድ እሁድ አልሠራም። ጥጡን እኔ እገዛለሁ።

---

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3:40

ነገ ከሰባት ሰዓት በኋላ እዘጋለሁ። ነይ።

---

አይሱዙ_ሾፌር | ቅዳሜ ማታ 4:15

ሰኞ ጭነት ይዤ ደሴ እወጣለሁ። ያቺን ወንበር አልነካትም፣ ሌላው ላይ ተቀምጬ የልጁን እግር አያለሁ።

---

የሻይ_ቤቱ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 4:18

ና። ቡናው በእኔ ነው።